ጀሶው እስኪደርቅ፦ የእትዬ ጀሶ የሕይወት ታሪክ

እትዬ ጀሶ ከለሳኙ አባታቸውና የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ከነበሩት እናታቸው፣ ሰኔ 9 ቀን ማለዳ፣ ከጡብ ፋብሪካው ጀርባ ባለች አንድ ክፍል ቤት ተወለዱ። ዓመተ ምሕረቱ እዚህ ያልተጻፈው ተረስቶ አይደለም። «ዕድሜዬን ወረቀት ላይ ካየሁት ተነሥቼ እቀደዋለሁ» ብለው አስጠንቅቀዋል፤ እርሳቸው ደግሞ ብለው ያላደረጉት ነገር የለምና ቤተሰቡ ዛሬ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት አደጋ ውስጥ መግባት አልፈለገም። ሲወለዱ የወጣላቸው ስም መታወቂያቸው ላይ አለ፤ በዚያ ስም የጠራቸው ግን መታወቂያውን የሰጣቸው ሰው ብቻ ነው። ለቀረው ሁሉ፣ ከመንገድ ጠራጊው እስከ ዳኛው፣ እትዬ ጀሶ ናቸው።

ለወላጆቻቸው የመጀመሪያ ልጅ፣ ለአራት ታናናሾቻቸው ደግሞ ሁለተኛ እናት ነበሩ። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀው ከአራቱ የመጨረሻው፣ እርሳቸው «ጡሩንባ» እያሉ የሚጠሩት ወንድማቸው ነው። ከዚህ በታች ያለውን አብዛኛውን በዓይኑ አይቷል፤ ያላየውንም ካዩት ሰዎች በተሻለ ያውቀዋል።

ገና በሰባት ዓመታቸው የአባታቸውን ባልዲ ተሸክመው ሥራ ቦታ መዋል ጀመሩ። ግድግዳ በጣታቸው አንኳኩተው ልስኑ የቱ ጋ እንደለቀቀ መናገር የጀመሩት ያኔ ነው። አባታቸው በመዶሻ እጀታ አንኳኩተው ያላገኙትን እርሳቸው በአንድ ጣት ያገኙት ነበር። ከግድግዳው ወዲያ የተቀመጠው ሰው ምን እንደሚያስብም ያውቁ ነበር የሚል ወሬ አለ። ወሬውን የሚያስወራው ወንድማቸው ቢሆንም፣ ውሸት ነው ብሎ ያስመሰከረ ሰው እስካሁን አልመጣም።

ትምህርታቸውን እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከታትለዋል፤ በሒሳብ ከክፍሉ አንደኛ ነበሩ። አሥራ ስድስት ዓመት ሲሆናቸው አባታቸው ከመወጣጫ ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ስለተሰበረ፣ ደብተሩን አስቀምጠው የአባታቸውን የልስን ማለስለሻ፣ ስፓቱላውን፣ አነሡ። በዚያ ጊዜ ሴት ለሳኝ አይቶ የማያውቀው ግንበኛ ሁሉ ሥራውን አቁሞ ሊስቅ ተሰበሰበ። «ይህቺ ልጅ እንኳን ግድግዳ ፊቷንም ቀብታ አታውቅ!» አለ አንዱ። እርሳቸው የሆስፒታሉን ረጅም ኮሪደር በሦስት ቀን ለስነው ጨረሱ። ኮሪደሩ አራት መቶ ሜትር ነበር። እህቶቻቸው አርባ ነው ይላሉ፤ እህቶቻቸው ግን ሜትር ይዘው አልነበሩም። ያ ቀልደኛ ግንበኛ በአራተኛው ቀን መጥቶ ግድግዳውን በመዳፉ ዳሰሰና ባርኔጣውን አወለቀ። በዚያው ቀን አንድ ዝንብ ሊያርፍበት ሞክሮ ተንሸራቷል።

በሃያ ሁለት ዓመታቸው ከኤሌክትሪክ ሠራተኛው ባለቤታቸው ጋር ጋብቻ መሠረቱ። ባል ሽቦ ሊያሳልፉ ግድግዳ ይሰነጥቃሉ፣ ሚስት ከኋላ እየተከተሉ ይደፍናሉ። «እኛ ቤት የሚቆፍርም የሚደፍንም ስላለ ጠብ አይከርምም» ይሉ ነበር እትዬ ጀሶ። አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ ወልደው አሳደጉ፤ ልጅቷ ነርስ፣ ልጁ የአውቶቡስ ሹፌር ሆነዋል። ባልና ሚስቱ ሃያ አንድ ዓመት አብረው ኖሩ።

ኅዳር 17 ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ባለቤታቸው በገዛ ሳሎናቸው ወንበር ላይ ቆመው አምፖል ሲቀይሩ፣ ውጭ መንገድ ላይ የማያውቋቸው ሁለት ሰዎች ተጣሉ። አንዱ ሽጉጥ አወጣ። ጥይቱ የመስኮቱን መስታወት በስቶ፣ በእርሳቸው ደረት አልፎ፣ ከመብራት ማጥፊያው አጠገብ ግድግዳው ውስጥ ገባ። ማጥፊያውን የገጠሙት ራሳቸው ነበሩ። እትዬ ጀሶ ከጓዳ ሆነው የሰሙት የመስታወቱን ድምፅ ብቻ ነው፤ «ደግሞ ምን ሰበርክ?» እያሉ ወጡ።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ሰው አላጣም። ሰው ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ እጃቸው ላይ ፖስታ ያስጨብጣል፣ «አይዞሽ» ይላል፣ ይሄዳል። የተቀመጠው ሁሉ ግን ዓይኑ ግድግዳው ላይ ያርፍና ይሸሻል። መርማሪዎች ጥይቱን ቆፍረው ሲወስዱ የተውት ጉድጓድ ከቡጢ አይበልጥም ነበር፤ በእትዬ ጀሶ ዓይን ግን ቤቱን አክሏል። መብራት ሊያበሩ እጃቸውን በዘረጉ ቁጥር ጣታቸው እዚያ ይገባል። በአሥራ አንደኛው ቀን ተነሡ። ጥቂት ጀሶ በጥብጠው ደፈኑት። ከዚያ ወንበር ስበው ፊት ለፊቱ ተቀመጡና እስኪደርቅ ጠበቁ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ያለቀሱት ያን ቀን ነው።

ወር ሳይሞላ፣ ከሦስት መንገድ ወዲያ በአንድ ቤት በር ላይ ተተኮሰ ተባለ። እትዬ ጀሶ ባልዲያቸውን አንጠልጥለው ሄዱ። በሩን የከፈተችላቸው ሴት «ማን ላከዎት?» ብትላቸው «ግድግዳሽ» አሏት። ሥራቸው እንዲህ ተጀመረ።

ብዙ ሰው ግራ ይገባው ነበር። በጥይት ለተጎዳ ቤተሰብ ገንዘብ አይሰጡም፣ አይሰበስቡም፣ ሲሰጧቸውም አይቀበሉም። ወንድማቸው አንድ ቀን ምክንያቱን ጠይቋቸው «ፖስታ የሰጠሁት ሰው አመሰግናለሁ ብሎ በሩን ይዘጋል። ጀሶ ግን እስኪደርቅ ያስቀምጠኛል» ብለውታል። እውነትም ትልቁ ሥራ መቀመጡ ነበር። ጀሶው በሚደርቅበት ሰዓት የተከመረ ዕቃ ያጥባሉ፣ ልጆች ከትምህርት ቤት ያመጣሉ፣ የቆሰለውን ሰው አልጋ ላይ ያገላብጣሉ። ይህ ሁሉ በማያስፈልግበት ቤት ደግሞ ዝም ብለው ይቀመጣሉ፤ እርሳቸው ዝም ሲሉ የቤቱ ሰው ይናገራል።

ቆይቶ ሁለት ሰዎች ተከተሏቸው። አንዱ የተሰበረ መስኮት የሚመልሰው መስታወት ቆራጭ ነው። ሌላው በየሆስፒታሉና በየቢሮው አብረው ተሰልፈው ቅጽ የሚሞሉት ጡረተኛው ጸሐፊ ናቸው። እትዬ ጀሶ ሁለቱንም በሁለት ሕግ አሠሯቸው። አንደኛው «እንዴት ሆነ?» ብሎ አለመጠየቅ ነው፤ ሁለተኛው ሳይደርቅ አለመነሣት። በሃያ ዓመት ውስጥ ከሦስት ሺህ ቤት በላይ ገብተዋል። ጡረተኛው ጸሐፊ ይህን ረቂቅ አንብበው ቁጥሩ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት መሆኑን ስላሳሰቡ ታርሟል፤ ወንድማቸውን ግን ቅር ብሎታል።

ከሁለቱ ሕጎች የመጀመሪያው አንድ ጊዜ ሰው ሊያስፈርድበት ነበር። እትዬ ጀሶ በመጨረሻው ሕመማቸው ወንድማቸውን ጠርተው «የሠራሁትን ስታወራ ከርመሃል፣ ያበላሸሁትንም ጻፈው» ስላሉት፣ ቀጥሎ ያለው በትእዛዝ የገባ ነው።

ከስድስት ዓመት በፊት፣ በታኅሣሥ ወር፣ አንድ ሰዓት ሠሪ ከቤታቸው ጋር በተያያዘች ሱቃቸው ውስጥ በቀን በጥይት ተገደሉ። ፊት ለፊት ያለው መድኃኒት ቤት ዘበኛ ሽጉጡን እንደያዘ ሬሳው አጠገብ ተገኝቶ ታሰረ። ሰፈሩም ነገሩን በዚያው ዘጋው፤ ገዳዩ ተይዟል ተባለ።

የሟቹ ባለቤት ልብስ ሰፊ ናት። በስምንተኛው ቀን እትዬ ጀሶ ባልዲያቸውን ይዘው ሲደርሱ ሱቁ በር ላይ ቆማ መግባት አቅቷት አገኟት። በሩ አጠገብ መርማሪዎች ጥይት ያወጡበት ጉድጓድ ነበር፤ እርሱን ደፈኑ። ልብስ ሰፊዋ ግን ዓይኗ ከዋናው ግድግዳ ላይ አልነሣ አለ። ግድግዳው ላይ ሃያ ሦስት ሰዓቶች ተሰቅለው ሁሉም ይመታሉ።

«እትዬ፣ እነዚህን ያውርዱልኝ» አለች። «የእሱ ቆሞ የነሱ ሲመታ መስማት አልቻልኩም።»

እትዬ ጀሶ እንዴት ሆነ ብለው አልጠየቁም። ሰዓቶቹን አንድ በአንድ አውርደው በካርቶን አስቀመጡላት። ያ ግድግዳ አሸዋማ ነውና ሚስማር አይዝም፤ ሟቹ እያንዳንዱን ሰዓት ያንጠለጠሉት ግድግዳው ውስጥ በገባ የእንጨት ሽብልቅ ላይ ነበር። እትዬ ጀሶ ሃያ ሦስቱንም ሽብልቅ ነቀሉ፣ ጀሶው ጥሩ አድርጎ እንዲይዝ የሁሉንም አፍ እኩል አሰፉ። አንደኛው ጉድጓድ ውስጥ የስፓቱላው ጫፍ ብረት ነክቶ ቅጭ አለ። «የተሰበረ ሚስማር ነው» ብለው ደፈኑት። በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው ሁለት ጊዜ የውሃ ቀለም ቀቡ። በዚያ ግድግዳ ላይ የሰዓት ቦታ ፈልጎ የሚያገኝ ዓይን በዓለም ላይ አልተፈጠረም። ወንድማቸው ይህን ሲል ሊያሞግሳቸው ብቻ አይደለም፤ መከራውን ያመጣው ይኸው ነው።

ሁለት ወር አለፈ። የዘበኛው ቤት በር ላይ አንድ ሰው በጥቁር ቀለም «ገዳይ» ብሎ ጻፈ። እትዬ ጀሶ ሰሙና ቀለምና ብሩሽ አዘጋጁ። መስታወት ቆራጩ ተቆጣ።

«እትዬ፣ የሟቹን ቤት ለስነን የገዳዩን በር ልንቀባ ነው?»

«በሩ ምን አደረገ?» አሉት። «እዚያ ቤት ሦስት ልጆች አሉ። ጠዋት ጠዋት ሲወጡ የሚያነቡት እሱን ነው።»

ብቻቸውን ሄደው በሩን ቀቡ። ቀለሙ እስኪደርቅ ከዘበኛው ሚስት ጋር ደረጃው ላይ ተቀመጡ። እርሳቸው አልጠየቁም፤ ሴትየዋ ግን ሁለት ወር ሙሉ ሰው ስላላናገራት ተናገረች።

«እትዬ፣ ባሌ አልገደለም ብል ማን ይሰማኛል? የተኩስ ድምፅ ሰምቶ ሮጦ ገባ። ሰዓት ሠሪውን የመታው ሌባ ሲወጣ አንዴ ተኮሰበት፣ ሳተው፣ ጥይቷ ግድግዳው ውስጥ ገባች ይላል። ሽጉጡም የጎደለው አንዲት ጥይት ነው። መርማሪዎቹ መጀመሪያ ሲያዩ ግድግዳው ሰዓት ብቻ ነው፣ ቀዳዳ የለውም አሉ። ጠበቃው ለምኖ ድጋሚ ሄዱ፤ አሁንማ እንደ እንቁላል ልስልስ ነው፣ ጭረት እንኳ የለበትም አሉ። ሟቹን መትታ በሩ አጠገብ የተገኘችው ጥይት ተጨፍልቃ ከየትኛው ሽጉጥ እንደወጣች አትለይም። ጎረቤቱ ሁለት ተኩስ ሰማሁ ቢል ማስተጋባት ነው አሉት። ስለዚህ የጎደለችው ጥይት ሟቹ ላይ ናት ተባለ። ፍርዱ ሊሰጥ ዘጠኝ ቀን ቀረው።»

እትዬ ጀሶ የያዙት የሻይ ብርጭቆ አፋቸው ጋ ሳይደርስ ቆመ። ያ ቅጭ ያለ ድምፅ እንደገና ተሰማቸው። በሩ ገና እርጥብ ነበር። እርሳቸው ግን ሳይደርቅ ተነሡ፤ በሃያ ዓመት ውስጥ ያን ቀን ብቻ።

መጀመሪያ ያማከሩት ወንድማቸውን ነው። ወንድማቸው ደግሞ፣ ዛሬ በሁሉም ሰው ፊት ይናገረዋል፣ ፈራ። «እትዬ፣ ማን ጠየቀሽ? ማስረጃ አጠፋች ብለው አንቺኑ ያስሩሻል። ዝም በይ!» አላቸው። እትዬ ጀሶ ከላይ እስከ ታች አዩት። «ዓለምን ስታደነቁር ኖረህ» አሉት «ዛሬ የሚነፋበት ቀን ሲመጣ ተደፈንክ?» ወንድማቸው በዚያ ቀን ለግማሽ ሰዓት ያህል የሚለው አጣ፤ እህቶቹ ይህን እንደ ተአምር ይተርኩታል።

ተነሥተው ጉዳዩን ወደያዘው መርማሪ ሄዱ፤ ወጣትና ጨዋ ሰው ነው። ሰምቶ ሲጨርስ እስክርቢቶውን አስቀመጠ። «እማማ፣ ሥራዬ በጣም ከማማሩ የተነሣ ቀዳዳው ጠፋ ነው የሚሉኝ?»

«አዎ ልጄ» አሉት። «ይቅርታ አድርግልኝ።»

የከበደው ልብስ ሰፊዋ ጋ መሄድ ነበር። ያቺ ሴት ያመነችው ሰው ቢኖር እትዬ ጀሶን ነው። በመኖሪያ ቤቷ በር ላይ ቆማ ሰማቻቸው፣ ሰምታም አንቱታውን ጣለችው። «አንቺው ነሽ የደፈንሽልኝ! አሁን ባሌን ለገደለው ብለሽ ልትከፍችው ነው? እዚያ ክፍል መግባት ከጀመርኩ ገና ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። ማሽኔን እዚያ አስገብቻለሁ። ውጪልኝ!» እትዬ ጀሶ ወጡ፣ ግን ከበሩ አልራቁም። ደረጃዋ ላይ ተቀመጡ። በማግስቱም መጥተው ተቀመጡ። በሦስተኛው ቀን ልብስ ሰፊዋ በሩን ከፍታ ባልዲያቸው አለመኖሩን አየች። «ዛሬ ምን እስኪደርቅ ነው የሚጠብቁት?» አለቻቸው። «አንቺን» አሏት።

ዳኛው ወረቀት ሰጡ። በልብስ ሰፊዋ ልመናም ወረቀቱ «በአንድ ቦታ ብቻ» የሚል ቃል ገባበት፤ ከአንድ ጉድጓድ በላይ መክፈት አይፈቀድም። ቀኑ መጋቢት 3 ነበር፣ የፍርዱ ዋዜማ። መርማሪው «እስከ አሥራ አንድ ሰዓት» አለ።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ እትዬ ጀሶ ግድግዳው ፊት ቆሙ። ልብስ ሰፊዋ እጇን አጣምራ ጥግ ላይ ናት። የዘበኛው ሚስት ደፍራ አልገባችም፤ የውጭውን በር ተደግፋ ቆማለች። ሁለቱ ሴቶች አይተያዩም። ወንድማቸው መሰላሉን ይዟል። መሰላሉን በእንዲያ ዓይነት ጽናት የያዘ ሰው በታሪክ የለም፤ የሚንቀጠቀጠው መሰላሉ ነበር።

መጀመሪያ በጣታቸው አንኳኩ። ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ድምፅ ነው፤ የደፈኑት ሁሉ ከግድግዳው ጋር አንድ ሆኗል። መርማሪው ብረት የሚፈልግ መሣሪያ አስመጣ። ግድግዳው ውስጥ አሮጌ የውሃ ቧንቧና ሽቦ ስለተቀበረ መሣሪያው የትም ቢያስጠጉት ይጮኻል። መርማሪው ሰዓቱን አየ። እስከዚያ ቀን እርሳቸውን ያሸነፈ ግድግዳ አልነበረም፤ እትዬ ጀሶ ግን ያን ቀን የታገሉት ከራሳቸው እጅ ጋር ነው።

ወንበር ስበው ተቀመጡ። ከዚያ «ውሃና ስፖንጅ አምጣ» አሉ።

ግድግዳውን በሙሉ አረጠቡት። የውሃ ቀለም ውሃ ያሳልፋል፤ ጀሶ ደግሞ ከአሸዋው ይልቅ ይጠጣል። ቀስ በቀስ ግድግዳው ላይ ጠቆር ያሉ ክቦች ብቅ ብቅ አሉ፤ ሃያ ሦስት፣ ሁሉም እኩል። ልብስ ሰፊዋ አፏን በእጇ ያዘች። የባሏ ሰዓቶች የተሰቀሉበት ቦታ ሁሉ ተመልሶ መጥቷል።

«አሁንስ?» አለ መርማሪው። «የቱ ነው?»

«ጥይት ያለበት ጥልቅ ነው። ጥልቁ ብዙ ጀሶ አለው። ብዙ ጀሶ ያለበት መጨረሻ ይደርቃል» አሉ እትዬ ጀሶ። «ተቀመጡ።»

ተቀመጡ። መርማሪው የልብስ መስፊያ በርጩማ ላይ፣ ወንድማቸው መሰላሉ ላይ፣ ልብስ ሰፊዋ ወለሉ ላይ። እትዬ ጀሶ ወደ ውጭ ሄደው የዘበኛውን ሚስት በክንዷ ይዘው አስገቧት። ስድስት ሰዓት ላይ ክቦቹ አሥራ ዘጠኝ ነበሩ። ስምንት ሰዓት ላይ አሥራ አንድ። አንዱ በደረቀና በጠፋ ቁጥር የዘበኛው ሚስት ትንፋሿን ትይዛለች። አሥር ሰዓት ላይ ሁለት ቀሩ፤ አንዱ ከመደርደሪያው አጠገብ፣ ሌላው ከስፌት ማሽኑ በላይ። አሥር ተኩል ሆነ። ሁለቱም እንደረጠቡ ናቸው።

እትዬ ጀሶ መዳፋቸውን በአንዱ ላይ አደረጉ፣ በሌላው ላይ አደረጉ። ሁለቱም እኩል ይቀዘቅዛሉ።

«አላውቅም» አሉ።

ግድግዳ ፊት ቆመው ይህን ቃል ሲሉ የሰማ ሰው የለም፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም።

«እማማ፣ ጊዜው እያለቀ ነው። አንዱን ይምረጡ» አለ መርማሪው። እትዬ ጀሶ መሮውን አነሡ፣ መልሰው አወረዱት። «በሰው ዕድሜ ላይ ዕጣ አልጥልም» አሉ። የዘበኛው ሚስት ዓይኗን ጨፈነች።

ያኔ ልብስ ሰፊዋ ተነሣች። ወደ ውስጥ ገባች፤ ካርቶን ስትጎትት ተሰማ። ስትመለስ መስታወቷ የተሰነጠቀ አንዲት ትንሽ የግድግዳ ሰዓት ይዛለች።

«ያን ቀን እህቴ ወለል ላይ ወድቃ ያገኘቻት ይህቺ ናት» አለች፣ ማንንም ሳታይ። «ሽብልቋ ተሰባብሮ ነበር። መርማሪዎቹ ሳይደርሱ እህቴ ሌላ ጠርባ አስገባችና መልሳ ሰቀለቻት። ወድቃ እንደነበር አውቃለሁ። ለምን ወደቀች ብዬ ግን ራሴን አልጠየቅኩም። አልፈለግኩም።» ሰዓቷን ወደ ላይ አንሥታ ከስፌት ማሽኑ በላይ ባለው እርጥብ ክብ ላይ አስደገፈቻት። «እዚህ ነበረች። በየጠዋቱ አቧራዋን የምጠርግላት እኔ ነኝ።» ከዚያ ዞር ብላ «ይምቱ፣ እትዬ» አለች።

እትዬ ጀሶ በመሮ ስድስት ጊዜ መቱ። ጀሶው ወጣ፣ አሸዋው ፈሰሰ። መርማሪው በመቆንጠጫ ገብቶ አንዲት ጥይት አወጣ። አሸዋማ ግድግዳ ነውና ምንም አልተጨፈለቀችም። ፍርዱ ለአንድ ሳምንት ተራዘመ፣ ጥይቷ ተመረመረች፣ ከዘበኛው ሽጉጥ የወጣችው፣ የጎደለችው አንዲት ጥይት እርሷ መሆኗ ታወቀ። ዘበኛው በነፃ ተለቀቀ። ሰዓት ሠሪውን የገደለው ሰው እስከ ዛሬ አልተያዘም፤ ይህ ቤተሰቡንም ሆነ ማንንም የማያስፎክር እውነት ስለሆነ እንዳለ ተጽፏል።

በሳምንቱ እትዬ ጀሶ ጉድጓዱን ሊደፍኑ ባልዲያቸውን ይዘው ሄዱ። ልብስ ሰፊዋ ስፓቱላውን ከእጃቸው ወሰደችና «ያሳዩኝ» አለች። የደፈነችው ቦታ ዛሬም ጎርበጥ ብሎ ይታያል። እትዬ ጀሶ፣ ቅንጣት ጉብታ አይተው ማለፍ የማይችሉት ሴት፣ ያንን ሳይነኩት ወጡ። እንደተለመደው እስኪደርቅ ተቀመጡ፤ ያን ቀን ግን ከልብስ ሰፊዋ ወዲህ የዘበኛው ሚስት፣ ከዚያ ወዲህ ዘበኛው ራሱ ተቀምጠው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሦስተኛ ሕግ ተጨመረ። ማንኛውም ቀዳዳ ከመደፈኑ በፊት መርማሪው ጨርሶ እንደሆነ ይጠየቃል፤ የተደፈነው ሁሉ ቦታውና ጥልቀቱ በጡረተኛው ጸሐፊ ደብተር ይጻፋል። ልብስ ሰፊዋ ማክሰኞና ዓርብ ማሽኗን ዘግታ ባልዲ ይዛ ትወጣለች። ውሃውን የሚሸከምላት ዘበኛው ነው።

እትዬ ጀሶ ከአርባ ዓመት በላይ የሳቡት አቧራ ሳንባቸውን እየጎዳው ሄዶ፣ ባለፈው ዓመት መሰላል መውጣት አቃታቸው። ወንበር ላይ ተቀምጠው በጣታቸው እየጠቆሙ ማሠራት ጀመሩ። በኋላ ያንንም ሐኪማቸው ከለከሏቸው። ልጃቸው ነርሷ በሆስፒታልም በቤትም ሳትለይ አስታመመቻቸው፤ ልጃቸው ሹፌሩ በየቀኑ ከሥራ መልስ ደግፎ መስኮቱ ጋ ያስቀምጣቸው ነበር። ግድግዳቸውን የደፈኑላቸው ሰዎች እየመጡ፣ ምንም ሳይጠይቁ፣ አልጋው አጠገብ ይቀመጡ ነበር። አንዳንዱ ቀን ወንበር አልበቃም። ግንቦት 21 ቀን ሐሙስ ጠዋት፣ ልጃቸው መስኮቱን ስትከፍት፣ ባለቤታቸው የገጠሙትን የመብራት ማጥፊያ ጎን እያዩ አረፉ። ያ የደፈኑት ጉድጓድ በትክክል የት ላይ እንደነበር ከእርሳቸው በቀር የሚያውቅ የለም።

እትዬ ጀሶ የአንዲት ሴትና የአንድ ወንድ ልጅ እናት፣ የአራት የልጅ ልጆች አያት ነበሩ። ሦስት እህቶቻቸውና አንድ፣ ዛሬ ድምፁ የከዳው፣ ወንድም ከኋላቸው ቀርተዋል። ለቀስተኛው ፖስታም የአበባ ጉንጉንም እንዳያመጣ አዘዋል። ያመጣችሁ ካላችሁ ኪሳችሁ ውስጥ አቆዩት፤ ከዚህ ስትሄዱ የምታውቁትን አንድ የተጎዳ ቤት አንኳኩና ግቡ፣ ሥራ አታጡም።

የመቃብራቸውን ገጽ የምትለስነው ልብስ ሰፊዋ ናት። ዘበኛው ውሃና ሲሚንቶውን አዘጋጅቷል። ጡረተኛው ጸሐፊ ለመድረቅ አንድ ሰዓት ይበቃዋል ይላሉ፤ ወንድማቸው ሦስት ሰዓት ይላል፣ በዚህ ጉዳይ ደግሞ ማንም እንዲያርመው አይፈቅድም። እርሳቸው በየቤታችሁ የሠሩትን እናንተ እዚህ ትሠሩላቸው ዘንድ ቤተሰቡ ይለምናል። እንዴት ሆነ አትበሉ። አትቸኩሉ።

በየሰው ቤት ቁስል ሲሸፍኑ ለኖሩት እጆች እረፍት፣ ለነፍሳቸውም ጥይት የማይደርስበት ቤት ይስጥልን። ተቀመጡ፤ ገና አልደረቀም።